ሁለት መጥበሻ፣ አንድ መቆንጠጫ

አዳማ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሉሊት፣ አርሲ ነገሌ

ከሰላምታው በፊት አቤቱታ አለኝ። አንቺ ፖስታ የምትለጥፊው በሙጫ ነው በሲሚንቶ? ያለፈውን ደብዳቤሽን ለመክፈት መጀመሪያ በምራቄ አራስኩት፤ እንቢ አለ። የሻይ ማንቆርቆሪያ እንፋሎት ላይ ያዝኩት፤ እንቢ አለ። በመጨረሻ ፒንሳ አምጥቼ ስስበው የወረቀቱ ጥግ አብሮ ተገነጠለ። «ናፍቆቱ አልቻል ብሎኛል» የሚለው ቀርቶልኛል፤ የማን ናፍቆት እንደሆነ ያለበት ጥግ ግን ፒንሳው አፍ ውስጥ ቀረ። የእኔ ነው ብዬ ወስኛለሁ። ካልሆነም እንዳታርሚኝ።

አሁን ወደ ሰላምታው። እንደምን ከርመሻል? ባልሽ ገመቹስ? ዘንድሮ የነገሌ ስንዴ ገበያው እንዴት ነው? እኛ እዚህ ፀሐዩና አቧራው በአንድ ላይ ከከተማው ሊያስወጡን እየመከሩ ነው።

«ለምን አትደውልም?» ላልሽው፦ ባለፈው ዓመት የደወልኩልሽ ቀን ተረሳሽ? አስራ አንድ ደቂቃ ሙሉ አንቺም አለቀስሽ፣ እኔም አለቀስኩ፣ ማንም ምንም ሳይናገር ካርዴ አለቀ። በደብዳቤ ሲሆን ልቅሶ ሲመጣብኝ ብዕሩን አስቀምጬ ግቢውን አንድ ዙር ዞሬ እመለሳለሁ። አንቺ ጋ የሚደርሰው ደረቁ ብቻ ነው። ጎረቤታችን አምባዬ በሻሸመኔ መስመር አባዱላውን እስከነዳ ድረስም ቴምብር አያስፈልገንም።

«ብየዳውን ለምን ተውከው?» ለሚለው ጥያቄሽ መልሱ አጭር ነው። ብየዳ ቤት የሚመጣው ብረት ነው። ሠላሳ ዓመት ከብረት ጋር አወራሁ። አንቺ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ በርጩማው ላይ ተቀምጠሽ ስትለፈልፊ ስለምታመሺ ያን ጊዜ አይታወቀኝም ነበር። አሁን ግቢው ውስጥ የቀረነው እኔና እናትሽ ነን። እትዬ በላይነሽ ደግሞ፣ ታላቄ ናትና አፌን በአክብሮት እከፍታለሁ፣ ዝም ማለት ስትጀምር ብረቱ ይሻላል። ስለዚህ ሰው ወደሚመጣበት ሥራ ገባሁ። ሆት ዶግ መሸጥ ጀምሬያለሁ።

ሳቅሽን ጨርሺ፤ እጠብቃለሁ።

ጋሪውን ራሴ በየድኩት። ሁለት የባጃጅ ጎማ፣ ከአንድ የተጣለ በር የተቆረጠ ላሜራ፣ ከላይ የቢራ ጃንጥላ፣ ከውስጥ ሲሊንደርና መጥበሻ። ቀይ ቀባሁት። ቋሊማውን ጠብሶ ዳቦ ውስጥ የመክተቱን አሠራር ስልኬ ላይ ከአንድ ወፍራም ፈረንጅ ተማርኩ፤ የሚናገረው ባይገባኝም እጁ ይገባኛል። ፖስታ ቤት አካባቢ፣ ተማሪና ባጃጅ ነጂ በሚበዛበት ጥግ ቆሜያለሁ። በመጀመሪያው ቀን አንዲት አሮጊት ስሙን አስተርጉመው «ትኩስ ውሻ» መሆኑን ሲሰሙ ሦስት ጊዜ አማተቡና ሄዱ። በሁለተኛው ቀን ልጃቸውን አስከትለው መጥተው ሁለት በሉ።

ስለ እናትሽ የጠየቅሽኝን አንብቤዋለሁ። ደህና ናት። ሌላ ጥያቄ ጠይቂኝ።

አጎትሽ ዘገዬ


አርሲ ነገሌ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ዘገዬ

ይህንን በስፒል ብቻ ነው የያዝኩት፤ ፒንሳህ ይረፍ። የተገነጠለው ጥግ ላይ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ አንተ ነህ። ሌላዋን «ደህና ናት» ብለህ ዘለልካት።

ጋሼ፣ «ደህና ናት» የሚለውን ሦስት ዓመት ሙሉ ጽፈህልኛል። ገመቹን አገባለሁ ያልኩ ቀን «ከሃይማኖትሽ ውጭ ካገባሽ ደጄን አትረግጪም፣ እኔም አላናግርሽም» ብላ በማርያም መማሏን አልረሳሁም። መሐላ እንደማታጥፍም አውቃለሁ። አባቴ ሲሞት ጥቁር አልለብስም ብላ ምላ በነጭ የቀበረች ሴት ናት። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። በጎረቤት ስሜ ሲነሣ ተነሥታ ትሄዳለች ወይስ ተቀምጣ ትሰማለች? እሱን ብቻ ንገረኝ።

እኛ ቤት ሰላም ነው። እኔም አልሰለምኩም፣ እሱም አልተጠመቀም። አማቴ አዴ ጉዲቱ መጀመሪያ ቀን እጄን ይዛ ወጥ ቤት አስገባችኝና ሁለት ድስት፣ ሁለት ቢላ፣ ሁለት መክተፊያ ገዝታ በየመደርደሪያው ያስቀመጠችውን አሳየችኝ። «ይሄ ያንቺ ነው፣ ይሄ የእኛ ነው፣ ሽሮው የጋራ ነው» አለችኝ። ያን ቀን እንደሳቅኩ የትም አልሳቅኩም።

ለዚህ ነው ስለ ጋሪህ የምሰጋው። ተማሪውና ባጃጅ ነጂው ሥጋው የማን እንደሆነ አልጠየቁህም? ይጠይቁሃል። ለሁለቱም ልትሸጥ ካሰብክ መጥበሻህን ሁለት ማድረግ አይበቃም፤ ቢላህም፣ መቆንጠጫህም ሁለት ይሁን። በዚህ ጉዳይ ከእኔ የበለጠ አዋቂ አታገኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። የእናቴ ደጅ በዚህ ዓመት እንዲከፈትልኝ እፈልጋለሁ። በሚመጣው ዓመት አይደለም፣ በዚህ ዓመት። ምክንያቱን አሁን አልነግርህም።

ያንተው ሉሊት


አዳማ፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሉሊት፣ ለመቆንጠጫ አዋቂዋ

ምክርሽ እጅግ ጥሩ ነበር። አንድ ቀን ቀድሞ ቢደርስ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ይሆን ነበር። አምባዬ መኪናው ቡልቡላ ላይ ተበላሽቶበት፣ ዕቃ እስኪመጣለት ሁለት ሳምንት ሙሉ ደብዳቤሽን ደረት ኪሱ ይዞ እዚያው ሐብሐብ ሲበላ ከርሟል።

የሆነው እንዲህ ነው። አንቺ እንዳልሽው ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ «ጋሼ፣ ሥጋው የማን ነው?» ማለት መጣ። እኔም ብልጥ ነኝ አይደል? ከአዲስ አበባ ከሁለት ቦታ ሁለት ዓይነት አስመጣሁ። መጥበሻዬን ሁለት አደረግሁ፤ ግራው ለክርስቲያኑ፣ ቀኙ ለሙስሊሙ። በመሃል የላሜራ ግድግዳ በየድኩ። በግድግዳዬ ኮርቼ ነበር። ኦሊቃ የሚባል ባጃጅ ነጂ ከቀኝ፣ ማተብ ያሰረች አንዲት ተማሪ ከግራ ሆነው በአንድ ጃንጥላ ሥር ሲበሉ ሳይ ራሴን እንደ ሽማግሌ ቆጠርኩት።

ከዚያ ኦሊቃ ማኘኩን አቆመ።

«ጋሼ፣ ያ መቆንጠጫ አሁን ከየት መጣ?»

«ከእጄ።»

«ከእጅህ በፊትስ?»

 ተማሪዋ ግድግዳውን አየች፣ መጥበሻዎቹን አየች፣ መቆንጠጫውን አየች።

«እና እኔ እስካሁን የበላሁት የሁለቱንም ነው?» አለች።

«ልጄ፣ መቆንጠጫ ሃይማኖት የለውም» አልኩ። ሉሊቴ፣ በዕድሜዬ ብዙ ስህተት ተናግሬያለሁ፤ እንደዚህ ያለ ግን አልወጣኝም። ኦሊቃ «አላህ ይቅር ይበልህ» አለኝ፣ ልጅቷ «ማርያም ይቅር ትበልህ» አለችኝ፣ ሁለቱ በአንድ ባጃጅ ተሳፍረው ሄዱ። በማግሥቱ ወሬው ከፍራንኮ እስከ መብራት ኃይል ደረሰ። ከግራም ከቀኝም የሚመጣ ሰው ጠፋ። ከተማው በእኔ ላይ እንዲህ በአንድ ልብ ተባብሮ አያውቅም።

ለጥያቄሽ መልስ፦ ስምሽ ሲነሣ ተነሥታ አትሄድም። ተቀምጣም አትሰማም። እጇ ላይ ያለውን ሥራ ትቀጥላለች፤ ግን ያንኑ ሥራ ነው የምትሠራው። ባለፈው ጎረቤታችን «የሉሊት ጓደኛ ተዳረች» ስትላት ያጠበችውን ብርጭቆ ስታጥብ፣ ስታጥብ፣ ስታጥብ ቆየች። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ «አምባዬ ገባ ወይ?» ትለኛለች። ለምን እንደምትጠይቅ አትናገርም። እኔም አልጠይቃት። «ገባ» ስላት ወደ ጓዳ ትገባለች፤ «አልገባም» ስላት በር ላይ ትቀመጣለች።

ያልነገርሽኝን ምክንያት ንገሪኝ። ሽማግሌን ማስጠበቅ ነውር ነው።

አጎትሽ


አርሲ ነገሌ፣ የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ

ደብዳቤህን ለአዴ ጉዲቱ ተርጉሜ ሳነብላት ስለ መቆንጠጫው ሆዷን ይዛ ወደቀች። ብርጭቆው ላይ ስደርስ ግን ሳቋ ቆመ። «ያቺ ሴት ታማለች» አለችኝ። «አይ፣ ደህና ናት» አልኳት፤ ያንተን ቃል ነው የተዋስኩት።

አሁን ስማኝ። ሥጋውን ተወው። ዓሣ አድርገው። ዓሣ ላይ ማን ባረከ፣ ማን ቢስሚላህ አለ የሚል ጥያቄ የለም፤ ከውሃ ሲወጣ በራሱ ይሞታል። ሁለቱም ይበሉታል። ባቱ ሐይቅ ላይ የምታሰግር የገመቹ ዘመድ አለች፣ ሎሚ ትባላለች፤ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ አጽድታ በበረዶ ሳጥን ለአምባዬ ታስረክበዋለች። አምባዛ አንልክልህም፤ ቅርፊት የለውም ብለው የሚተዉት አሉና ሌላ መዘዝ አንግዛ።

አሠራሩን ግን እኔ አላውቅም። ልጅ እያለሁ እናቴ በፍልሰታ ማግሥት ዓሣ ፈጭታ፣ ጠቅልላ የምትጠብሰው ነበር። እንዴት እንደሆነ ራሷን ጠይቃት። እኔ ጠየቅኩ አትበል።

ሁለቱ ጾም ዘንድሮ በአንድ ላይ መጥተው የለም? የእኛን ቤት አትጠይቀኝ። እኔ ዐቢይ ጾምን፣ እነሱ ረመዳንን፤ ቀን ቀን ድመቷ ብቻ ናት የምትበላው።

ምክንያቱን ለመናገር ድፍረቱ አልመጣልኝም። ማታ ማታ ጽፌ ጠዋት እቀደዋለሁ። ምን እንደሚናፍቀኝ ታውቃለህ? እናቴ ፀጉሬን ስትሠራኝ አንገቴን በጉልበቷ መሃል የምትይዝበት አያያዝ። ሲያምመኝ ነው የኖርኩት። አሁን አንገቴን የሚይዘው የለም።

ሉሊት


አዳማ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሉሊት

ጋሪዬ ሥራ ፈቷል። ሙስሊሙ ይጾማል፣ ክርስቲያኑ ይጾማል፣ ጴንጤው ብቻውን መብላት ያፍራል። እናትሽ ጃንጥላውን አንሥታ በርበሬ አሰጣችበት። «ከተሠራ ወዲህ ዛሬ ገና ለቁም ነገር ዋለ» አለችኝ።

የዓሣውን ነገር ጠየቅኳት። «እትዬ፣ ያ በፍልሰታ ማግሥት ትሠሪው የነበረው ጥቅልል እንዴት ነበር?» አልኳት። እጇን ከበርበሬው አወጣች። «ማን ጠየቀህ?» አለችኝ። «ሆዴ» አልኳት።  ከዚያ «በዓቢይ ጾም ስለ ዓሣ አላወራም፤ ከፋሲካ በኋላ ና» አለችኝ። እንቢ አላለችም። ማታ ላይ ግን ሰናፍጭ ፈጭታ በጠርሙስ ሞልታ ማብሰያው አጠገብ አስቀምጣው አገኘሁ። ፈረንጁም ሆት ዶጉ ላይ የሚያፈሰው ሰናፍጭ ነው ብዬ ነግሬያት ነበር። ሰምታ ኖሯል።

አሁን የማልወደውን ልንገርሽ። ዓይኔ ደከመ። የብየዳ ብልጭታ ሠላሳ ዓመት ሲጠራቀም ቆይቶ አሁን ሒሳቡን ይጠይቀኝ ጀመር። ፊደሉ ይደራረብብኛል። የዚህ ደብዳቤ መስመር ወደ ቁልቁል መውረዱን አይተሽ ይሆናል። የሚቀጥለውን የሚጽፍልኝ፣ ያንቺንም የሚያነብልኝ ሰው ሳልፈልግ አልቀርም። ይህን ሥራ ለማን ልስጥ ብዬ ሳስብ በቤቱ ውስጥ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሌላ ሰው አንድ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። አይ ዕድሌ።

አትጨነቂ።

አጎትሽ


አዳማ፣ ሚያዝያ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሉሊት

ይህ ደብዳቤ የአጎትሽ የዘገዬ ነው። ቃሉ የእሱ ነው፤ እጁ ብቻ የእኔ ነው። ዓይኑ ፊደል መለየት እንቢ ስላለው፣ ጎረቤት ጠርቶ የቤታችንን ጉዳይ ከሚያስነብብ ብዬ ነው። መሐላዬ ላለመናገር ነበር። አልተናገርኩም። አሁን እሱ የሚለውን እጽፋለሁ።

«ሉሊቴ፣ ዓሣው ደረሰ። ደብዳቤሽም ከዓሣው ጋር በአንድ ሳጥን ስለመጣ ጠረኑ እስካሁን ከትራሴ አልወጣም። እናትሽ አጥንቱን አንድ በአንድ ለቅማ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ፈጭታ፣ የዳቦ ፍርፋሪ ጨምራ ጣት ጣት አሳክላ ጠቀለለችው። ከማን እንደመጣ አልጠየቀችም። የመጀመሪያው ቀን ስልሳ አልቆ ዳቦ ብቻ ቀረኝ። ኦሊቃ ከሩቅ ሆኖ ሲያየኝ ቆይቶ መጣ።

"ጋሼ፣ አሁንስ የማን ነው?"

"የውሃ።"

"ውሃውስ የማን ነው?"

"የባቱ።"

"እንግዲያው አንድ አምጣ፣ ሰናፍጩን አብዛው" አለኝ። ያቺ ተማሪም መጣች። የበየድኩትን ግድግዳ ፈታሁት፤ ለምጣድ መክደኛ እጀታ ሆኗል።

እናትሽ ደግሞ ማታ ማታ...»

እዚህ ላይ ስለ እኔ የተናገረው አለ። ለሥራው ስለማይጠቅም አልጻፍኩትም።

ነገሌ ብርድ ነው ይባላል፤ ሹራብ ትለብሻለሽ ወይ ይላል አጎትሽ። ወተት ስትጠጪ የሚነፋሽ ሆድሽ ተሻለሽ ወይ ይላል። ደብዳቤሽን ሳነብለት ስለ ፀጉር የጻፍሽውን የድሮውንም አስነበበኝ። አንገትሽ ያምሽ እንደነበር አልነገርሽም ነበር ይላል።

ዘገዬ

የጻፈችው በላይነሽ


አርሲ ነገሌ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ዘገዬ

ለአንተ ነው የምጽፈው። የሚያነብልህ ሰው ቢሰማ ግን አይከፋኝም።

ፖስታውን ስከፍት የ«ሉ»ን አጣጣል አየሁና ደጃፍ ላይ ቁጭ አልኩ። አንደኛ ክፍል እያለሁ እጄን በእጇ ይዛ ያስጻፈችኝ «ሉ» ነው። ገመቹ ሰው የሞተ መስሎት ሮጦ መጣ።

ሹራብ እለብሳለሁ ጋሼ። ስለ ሆዴ የጠየቅከኝ ግን ገርሞኛል። ወተት የሚነፋኝ በስድስት ዓመቴ ነበር፤ ያን ጊዜ አንተ ድሬዳዋ ነበርክ፤ አታውቅም። ማን እንደጠየቀኝ ገብቶኛል። ተሽሎኛል በልልኝ። አንገቴንም ቢሆን ያኔ ያመመኝን ያህል አሁን ቢያመኝ በወደድኩ በልልኝ።

አሁን ልንገርህ። ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። ሐምሌ መጨረሻ ነው ብለውኛል። ለመንገር ይህን ያህል የቆየሁት እምቢ መባልን ስለፈራሁ ነው፤ ካልጠየቅኩ እምቢ አልባልም ብዬ። ግን የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። እኔንም እናቴ እናቷ ቤት ነው የወለደችኝ። አዴ ጉዲቱ ጥሩ ሰው ናት፤ ከልጇ አሳንሳ አይታኝ አታውቅም። ሆኖም ምጥ ሲመጣ የምጠራው ስም አንድ ነው፤ የተጠራው ሰው ከመቶ ኪሎ ሜትር ማዶ ሆኖ ቢቀር ምን እንደምሆን አላውቅም።

ደጃፉን ብቻ እንድረግጥ ትፈቅድልኝ ይሆን? ካልሆነ እዚሁ እወልዳለሁ፤ ግን ጠይቄ ልቅር።

ያንተ ዓይን ነገር ደግሞ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ለአዴ ጉዲቱ ስነግራት ምሳዋን ሳትበላ ዋለች።

ሉሊት


አዳማ፣ ሰኔ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሉሊት

የአጎትሽ ቃል ነው፤ እጁ የእኔ ነው።

«ሉሊቴ፣ ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ። ጸሐፊዬ ብዕር አላገኘሁም እያለች ሦስት ሳምንት አጓተተችኝ። ደብዳቤሽን ስታነብልኝ "ሰባተኛ ወሬን" ከሚለው ላይ ስትደርስ ጉሮሮዬ ደረቀ ብላ ውሃ ልትጠጣ ወጣች። ውሃውን ለመጠጣት አንድ ሰዓት ፈጀባት።»

አንድ ሰዓት አልሆነም።

«በማግሥቱ ያንቺ ክፍል የነበረው ኖራ ኖራ ሸተተኝ። "እትዬ፣ ምን እየቀባሽ ነው?" ብላት "ክረምት ሊገባ ስለሆነ ነው" አለችኝ። በዚህ ቤት አሥራ አምስት ክረምት ገብቷል፤ ቀለም ግን ሲቀባ የመጀመሪያው ነው።»

ለክረምቱ ነው።

«ስለ መውለጃሽ ለጠየቅሽው መልስ የምሰጠው እኔ አይደለሁም፤ ቤቱ የእሷ ነው። የእኔ ቢሆን ግን አንዲት ቃል ጽፌ ብዕሬን እዘጋ ነበር።»

ቃሉን ነግሮኛል። ሦስት ጊዜ ነግሮኛል። አልጽፈውም። መሐላ መሐላ ነው፤ በማርያም ስም ምዬ ነው።

ሐኪም ዘንድ ትሄጃለሽ ወይ? ደም ያንስሽ ነበር፤ ጎመን ብዪ፣ ቀይ ሥርም ብዪ። ከባድ አታንሺ። ስትቀመጪ እግርሽን ከፍ አድርጊው፤ እኔ አንቺን ስይዝ እግሬ እንደ እንስራ ነበር። በጎንሽ ተኚ። ይህን አጎትሽ አላለም።

በር ተንኳኳ።

ሉሊቴ፣ እኔ ነኝ፣ ዘገዬ። ብዕሩን ጥላ ልትከፍት ወጥታለች፤ ቶሎ ልጻፍ። መስመሬ ቀጥ ማለቱን አይተሽ ተአምር ነው አትበዪ። ዓይኔ ደህና ነው። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ካቃተኝ ቆይቷል፤ የቀረውን እኔ ጨመርኩበት። እንቅልፍ ስለነሣሁሽ ይቅር በይኝ። ሌላ መንገድ አጥቼ ነው። ድሮ ደብዳቤዎችሽን ላነብላት ስሞክር ጆሮዋን በእጆቿ ትይዝ ነበር፤ ወረቀቱን ራሷ ስትይዘው ግን ለጆሮዋ የሚተርፍ እጅ አልነበራትም።

በመስኮት እያየሁ ነው። የማላውቃት ሴት ናት። ረጅም፣ በዕድሜ ከእትዬ የምትበልጥ፣ ጫማዋ አቧራ የጠጣ። ብቻዋን ናት። በግራ እጇ ቀጭን ለስላሳ በትር ይዛለች። በቀኝ እጇ እርጥብ ሣር።

ሲንቄ ነው። ሉሊቴ፣ አማትሽ ናት! አንቺ እኮ ይህን ጊዜ ገበያ ወጥታለች ብለሽ ምሳ እያስቀመጥሽላት ይሆናል።

ይህን በትር እኔም አውቀዋለሁ፣ እትዬም ታውቀዋለች፤ አርባ ዓመት እዚህ አገር ኖረን። የአርሲ ሴት ስትዳር እናቷ ናት በእጇ የምታስይዛት። ይህን በትር ይዛ በተጣሉ ሰዎች መሃል የቆመች ሴት እርቅ ሳይወርድ ንቅንቅ አትልም፤ ገፍቶ የሚያልፋት የለም። ሣሩን የተቀበላት ታርቋል። ያልተቀበላት ግን ምን እንደሚሆን አይቼ አላውቅም፤ እምቢ ያለ ሰው አላጋጠመኝም። እትዬ ግን መሐላ አለባት። አሁን ፊደሉ እውነትም ይደራረብብኝ ጀመር።

«አካም ጅርቱ» ብላ ሰላምታ ሰጠች አማትሽ፤ የሚያወሩትን ከኦሮምኛው እየመለስኩ ነው የምጽፍልሽ።

እናትሽ በሩን አልለቀቀችም።

«እኔ ጉዲቱ ነኝ፣ የገመቹ እናት። ልጆቹ አልላኩኝም፤ አያውቁም። የወንድምሽ ዓይን ሊጠፋ ነው ሲሉ ሰማሁ። ዓይን ከጠፋ በኋላ እርቅ ቢመጣ ምን ያደርጋል? ልጅቷን አያያትም። የሚወለደውንም አያየውም።»

ውሸቴ ከነገሌ ድረስ ሰው አስነሥታ ደጃችን ላይ አቆመችብኝ። አልጋ ሥር እንዳልገባ ወገቤ አይታጠፍም።

«ግቢ» አለቻት እናትሽ። ደረቅ አድርጋ ነው ያለቻት።

«አልገባም፤ አልቀመጥም። እዚሁ እቆማለሁ።»

ፀሐዩ አናት የሚበሳ ነው። እትዬ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከታለች። በበሩ የሚያልፍ ባለጋሪ ፈረሱን አቁሞ እያየ ነው።  ይህን የምጽፈው ዝምታውን መቻል አቅቶኝ ነው።

አሁን እናትሽ ተናገረች።

«እግሯ አብጧል?»

«ትንሽ» አለች አማትሽ። «ሲመሽ ውኃ አሙቄ በጨው አጥባታለሁ።»

«ማን?»

«እኔ።»

«አንቺ ነሽ እግሯን የምታጥቢያት?»

«ሌላ ማን አላት?»

ሉሊቴ፣ ጀርባዋን ብቻ ነው የማየው። ትከሻዋ አንዴ ከፍ ብሎ ወረደ። ነጠላዋ ወደቀ፤ አላነሣችውም። ሁለቱንም እጆቿን ዘረጋች። ሣሩን ተቀበለች። ከእነ ሣሩ የአማትሽን እጅ ይዛ ግንባሯ ላይ አደረገችው።

«ዘገዬ!» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር።

«አቤት እትዬ!»

«ወንበር አውጣ።»

«ወንበሩ የት እንዳለ እኮ አይታየኝም፣ እ...»

«ዓይንህ እንደሚያይ ከፋሲካ ጀምሮ አውቃለሁ። አውጣ አልኩህ። ሁለት አድርገው።»